ሃይሉክስ በእጅ ማርሽ፦ ከፍሪሲዮን፣ ከካምቢዮና ከኋላ የሚመጡ አራት ድምፆች፤ ካምቢዮ ሳይወርድ ምን ይፈተሽ?

ባለ5ኤል (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ 5ኤል የናፍጣ ሞተር፣ በእጅ የሚገባ 5 ማርሽ፣ ፎር ዊል፣ የፊት ሃቡ (የፊት ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው) በእጅ የሚቆለፍ። ሥራው ጭነት ነው፤ መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች። አሁን አራት ድምፅ አለው፤ እንዳይደባለቅ ለየብቻ ልጻፈው።

ሀ. ቆሞ፣ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ሆኖ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ሲነሳ ከጋቢናው ሥር «ኩርርር» ይላል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ጠዋት በቀዝቃዛው ብዙም አይሰማም፤ ሲሞቅ ይብሳል።

ለ. እግር ፔዳሉ ላይ ገና አረፍ ሲል «ሲጥ ሲጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይጀምራል፤ ጠለቅ ብሎ ሲረገጥ ይቆማል።

ሐ. በአንደኛ ማርሽ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ሲነሳም ሲቆምም ከኋላ አንዴ «ቋ» ይላል።

መ. በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ነዳጅ ሲለቀቅ ከኋላ ያጓራል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይቀንሳል።

ጋራዥ «ካምቢዮ ይውረድና የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ስፒንጂዲስኮና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያላቅቀው ሪሊዝ ቤሪንግ ሙሉውን ይቀየር፤ ሁሉም ይጠፋል» ይላሉ። አራቱም ከአንድ ቦታ ሊመጡ ይችላሉ? ካልሆነ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ምን ምን ይፈተሽ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል?

ካምቢዮ ቤት

ሰላም ወንድሜ። ከአንድ ቦታ አይመጡም። የፍሪሲዮን ዕቃው ሙሉውን ቢቀየር እንኳ «መ» ባለበት ይቀጥላል፤ የ«ሐ»ም ቢያንስ ግማሹ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የጎማውን? መኪናው ቆሞ የሚሰማ ድምፅ ከሞተሩ እስከ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ነው። ሲሄድ ብቻ የሚሰማና ማርሽ ቢቀየርም በዚያው ፍጥነት ላይ የሚቆይ ድምፅ ከካምቢዮው መውጫ ወደኋላ፣ ወይም ከጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ይህ ሳይለይ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው በግምት እየሠራ ነው፤ ግምቱን የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው።

«ሀ»ን እንዲህ ፈትሸው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ይግባ። ፎሌ ላይ ፔዳሉ ሳይረገጥ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግና ከሥሩ ያለው መካከለኛ ዘንግ ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ፤ በመውጫው ዘንግ ላይ ያሉት ማርሾችም ባዶውን ይሽከረከራሉ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ይቆማል። ድምፁ ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱ ይህንኑ ነው የሚናገረው፦ ዘንጉ እስኪቆም ድረስ ይሰማል። ስለዚህ የሚጮኸው በካምቢዮው ውስጥ የሚዞር ነገር ነው።

ያ ነገር ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ የማርሽ ጥርሶች መንቀጫቀጭ ነው፤ ናፍጣ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ስለሚገፋው ባዶውን የሚዞሩት ማርሾች እርስ በርስ ይማታሉ። በተለይ የሸራው መሃል ላይ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች ከላሉ፣ ወይም ሚኒሞው ከወረደ ይጎላል። ሌላው የመግቢያው ዘንግ ወይም የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ መበላት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ነዳጁን በትንሹ ስጠውና ዙሩን ወደ 1000–1200 አምጣው። ድምፁ ከጠፋ የጥርስ መንቀጫቀጭ ነው፤ መኪናውን አያቆመውም፣ ሚኒሞው ከተስተካከለና ዘይቱ ልኩ ከሆነ ሊተው ይችላል። ድምፁ ከዙሩ ጋር አብሮ እየቀጠነና እየጮኸ ከሄደ ግን ኩሽኔታ ነው። ረጅም ካቻቢቴ ወስደህ ጫፉን የካምቢዮው ፊት፣ መሃልና ጭራ ላይ እያሳረፍክ እጀታውን ጆሮህ ላይ ብታደርግ የት እንደሚጎላ ትለያለህ። እጅና ልብስ ከሚዞር ነገር ይራቅ፤ ከታች የሚገባው ሰው መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ እያለ አይግባ፣ መደገፊያ ይቀመጥለት።

ቀጥሎ ዘይት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማፍሰሻውን ብሎን መጀመሪያ መክፈቱ ነው። ሁልጊዜ የመሙያውን ብሎን አስቀድመህ ክፈት። ዝጎ አልከፈት ካለና ዘይቱን ቀድመህ አፍስሰኸው ከሆነ መኪናው እዚያው ይቆማል። የመሙያው ቀዳዳ በጎን ነው ያለው፤ ጣትህን አስገብተህ ወደታች አጠፍ አድርገው። ልኩ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል ወይም ከዚያ በታች እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የትራንስፈሩንም (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ቤት) መሙያ ክፈት፤ ለብቻው ዘይት አለው። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) ሲበላ ዘይቱ ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ ይሻገራል። ውጭ ላይ ጠብታ የለም፣ ካምቢዮው ግን ባዶ እየሆነ ነው። የትራንስፈሩ መሙያ ሲከፈት ዘይት እየፈሰሰ ከወጣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዘይቱን ስታፈስ የማፍሰሻውን ብሎን ማግኔት እይ። ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ቢኖረው የተለመደ ነው። በጣት ሲታሽ የሚወጋ የሚያብረቀርቅ ስንጣሪ ካለ የኩሽኔታ ወይም የጥርስ ብረት ነው። በዘይቱ ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ካየህ (ነሐስ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም) የሲንክሮ ቀለበቶቹ (ማርሽ ሲገባ ዙሩን የሚያስተካክሉት) እየተበሉ ነው። የምትሞላው ውፍረቱ 75ደብሊው-90 የሆነ የማርሽ ዘይት ነው፤ ደረጃው ጂኤል-4 ቢሆን ይሻላል። የአንዳንድ ሞዴል መመሪያ ጂኤል-5ንም ይፈቅዳል፤ ሆኖም ለዲፍረንሻል የተሠራ ወፍራም ዘይት ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ጠዋት ማርሽ አልገባ ይላል፣ ሲንክሮውም ቶሎ ያልቃል።

«ለ»ን በተመለከተ፦ ሪሊዝ ቤሪንግ ሲበላ ፔዳሉ በተረገጠ መጠን ድምፁ ይጨምራል፤ ጫና እየበዛበት ነውና። ያንተ ሲረገጥ የሚቆም ከሆነ ቤሪንጉ የስፒንጂዲስኮውን ጣቶች በስሱ እየነካ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይም ቤሪንጉን የሚገፋው ሹካ መቀመጫ ኳስ ግሪስ አጥቷል። ፔዳሉን በእጅህ ጫን አድርገህ ነፃ እንቅስቃሴውን ለካ፤ ለሃይሉክስ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቤሪንጉ ቀንም ሌትም ተጭኖ ይዞራል፣ ሸራውም ማንሸራተት ይጀምራል።

ፓይለት ቤሪንግ (የመግቢያውን ዘንግ ጫፍ በቮላኖው መሃል የሚይዘው) ከሪሊዝ ቤሪንግ ጋር በየጊዜው ይምታታል። ሪሊዝ ቤሪንግ የሚጮኸው ፔዳሉ ጥቂት ወርዶ ጣቶቹን ሲነካ ጀምሮ ነው። ፓይለቱ ግን የሚጮኸው ቮላኖው እየዞረ መግቢያው ዘንግ ሲቆም ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ፔዳሉን እስከታች ርገጥ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ እግርህን ሳታነሳ አዳምጥ። ዘንጉ በጎማው ስለተያዘ ልዩነቱ ሙሉ ነው፤ ፓይለቱ የተበላ ከሆነ እዚህ ላይ ያጓራል። የደረቀ ፓይለት ዘንጉን ይዞ ስለሚያዞረው የኋላ ማርሽ ሲገባ ጥርስ ያስጮኻል፤ ያኔ ብዙዎች ጥፋቱን በፍሪሲዮኑ ፖምፓ ላይ ያሳብባሉ።

የክሮቼራ ሰው

ካምቢዮ ቤት በደንብ አስረድቶታል፤ እኔ ስለ ኋላው ልጨምር።

«ቋ» የሚለው ድምፅ ሲነሳም ሲቆምም ከተሰማ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ኃይሉ አቅጣጫ ሲቀይር ክፍተቱ ይዘጋና ይመታል። ክፍተቱን በእጅ ማግኘት ይቻላል። የፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ፣ የኋላው ይነሳና በመደገፊያ ላይ ይቀመጥ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ፎሌ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አሁን ትራንስሚሲዮኑን (ኃይሉን ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ) በአንድ እጅ፣ የዲፍረንሻሉን ፍላንጅ (ዘንጉ በብሎን የሚታሰርበትን ክብ ብረት) በሌላው ያዝና ተቃራኒ አቅጣጫ አዙራቸው። ክሮቼራ (የዘንጉ የመስቀል መጋጠሚያ) ላይ በእጅ የሚታወቅ ክፍተት ሊኖር አይገባም፤ ትንሽም ቢሆን ካለ ይቀየራል። ክሮቼራ ከመበላቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፦ በዝግታ ስትሄድ ከጎማው ዙር ጋር እየፈጠነ የሚሄድ «ሲጢጥ ሲጢጥ» ይሰማል፣ የክዳኖቹ ጠርዝ ላይም ቀይ ቡናማ ዱቄት ታያለህ። ያ ዱቄት ውስጥ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ዝገው እየተፈጩ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግሪስ ማስገባት አያድነውም።

ክሮቼራው ደህና ከሆነ የሚንሸራተተውን የትራንስሚሲዮን ጥርስ እይ። ባሌስትራው ሲተኛና ሲነሳ ዘንጉ ይረዝማል ያጥራል፤ ጥርሱ ከደረቀ መኪናው ሊቆም ሲል ይያዝና በኋላ በድንገት ይለቃል፣ «ቋ» ይላል። ይህ በሃይሉክስ በጣም የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ግሪስ ብቻ ነው። ሊትየም ቁጥር 2 ግሪስ ተጠቀም። ለክሮቼራው በአራቱም ክዳን አዲሱ ግሪስ እስኪታይ ድረስ አስገባ። ለሚንሸራተተው ጥርስ ግን ጥቂት ምት ይበቃል፤ ከበዛ ግሪሱ መውጫ ሲያጣ ዘንጉን አስረዝሞ ይገፋና የትራንስፈሩንና የዲፍረንሻሉን ኩሽኔታ ይጫናል።

ትራንስሚሲዮኑ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሃሉ ኩሽኔታም አለ። ጎሚኒው ሲቀደድ ዘንጉ ሲነሳ ወደላይ ይዘላል፤ በአንደኛ ማርሽ መንቀጥቀጡ ከፍሪሲዮን ይመስላል። መለያው፦ መንቀጥቀጡ ጭነት ሲኖርና ሳይኖር ከተለያየ መሃሉን ወይም ባሌስትራውን ጠርጥር። ጭነት ኖረ አልኖረ፣ ወደፊትም ወደኋላም እኩል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶታል ወይም ቮላኖው ተቃጥሎ ነጠብጣብ ይዟል።

ትራንስሚሲዮን ከመፈታቱ በፊት በሁለቱም ፍላንጅና በሚንሸራተተው ጥርስ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። ሁለቱ ክሮቼራዎች ትክክለኛ አቅጣጫቸውን ካጡ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሰው ጎማ ባላንስ ሲያሠራ ይውላል። የፍላንጁ ብሎኖች ሲመለሱ ልካቸው 74 ኒውተን ሜትር ነው።

ናፍጣና መንገድ

ለ«መ» አንድ የመንገድ ሙከራ አለ። ሜዳ፣ ቀጥ ያለና ባዶ መንገድ ይሁን። በ80 እየሄድክ ፍሪሲዮን ረግጠህ ፎሌ አድርግና ዝም ብለህ አንሸራት። ሞተሩን ግን አታጥፋ! በዚህ ሞተር የፍሬኑን ቫኪዩም የሚሠራው ከዲናሞው ጋር ያለ ፖምፓ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለት ላይም አይሞከርም፤ ዓባይ በረሃን በፎሌ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን አቃጥሎ ነው ደጀን ማዶ የሚደርሰው።

ፎሌ ላይ ድምፁ ከቀጠለ ከካምቢዮው ማርሾች ውጭ ነው። ቀጥሎ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ አድርግ፤ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ የሚጎላ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ድምፁ በመሪ የማይቀየር፣ በነዳጅ ግን የሚቀየር ከሆነ ዲፍረንሻል ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የሚያፏጭ ከሆነ የኮሮናና የፒኞኑ (በዲፍረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትልቁና ትንሹ ማርሽ) ጥርስ አገናኝ ተበላሽቷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ነዳጅ ሲለቀቅ የሚያጓራ ከሆነ፣ ማለትም እንዳንተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቷል። ትራንስሚሲዮኑን ከኋላ ፍታና ፍላንጁን ወደላይና ወደታች፣ ወደፊትና ወደኋላ ንቀነቀው፤ መዞር እንጂ መነቃነቅ የለበትም።

መኪናው ፎር ዊል ስለሆነ ሌላም ቀላል ሙከራ አለህ። የፊት ሃቦቹን «ፍሪ» አድርግና ንዳ። ድምፁ ከጠፋ ከፊት ዲፍረንሻል ወይም ከፊት ትራንስሚሲዮን ነው። ካልጠፋ የኋላውን ትራንስሚሲዮን ሙሉ በሙሉ አውርደህ፣ ሃቦቹን ቆልፈህ፣ በፎር ዊል ሃይ በፊት ጎማ ብቻ በቀስታ ንዳው። ይህን ለአጭር ርቀት፣ ባዶ መኪና ብቻ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ በወረደው ዘንግ ላይ ወይም በኋላ ፒኞኑ ነው፤ ፒኞኑ ግን ያለ ትራንስሚሲዮንም በጎማው ይዞራልና ጭነት ሲቀንስለት ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል።

ክረምት ላይ ወንዝ ያቋረጠ መኪና ከሆነ የዲፍረንሻሉን ዘይት ሳታይ አትለፍ። የሞቀ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በመተንፈሻው ወይም በፓራኦሊዮው ይስባል። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ኩሽኔታው ዝገት መያዝ ጀምሯል ማለት ነው።

ባለ5ኤል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዳላችሁት ፈተሽኩ። ውጤቱ ይህ ነው።

ዙሩን ወደ 1200 ሳመጣው «ኩርርር» አልጠፋም፤ ቀጠነና ጨመረ። በካቻቢቴው ሲደመጥ ፊት ላይ ይጎላል። የካምቢዮው መሙያ ሲከፈት ጣቴ ዘይቱን አልነካም፤ የትራንስፈሩ ሲከፈት ግን ዘይት ፈሰሰ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃና ሁለት ሦስት የሚያብረቀርቁ ስንጣሪዎች አሉ።

አንደኛ አስገብቼ ፔዳሉን ይዤ ሳዳምጥ ድምፅ የለም። የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ነው።

ከትራንስፈሩ ጋር የሚገናኘው ክሮቼራ ላይ ቀይ ዱቄት አለ፤ በእጅም ይነቃነቃል። የኋላው ደህና ነው። የፒኞኑ ፍላንጅ ወደላይና ወደታች በጣም በትንሹ ይንቀሳቀሳል። መንቀጥቀጡ ወደፊትም ወደኋላም፣ ባዶም ተጭኖም ያው ነው።

የፒኞኑን ዳዶ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል ወይ?

ካምቢዮ ቤት

ዳዶውን አትንካው። በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል ተጨፍልቆ ልኩን የሚይዝ ቀለበት አለ፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ዳዶውን ዝም ብለህ ስታጠብቅ ቀለበቱ ይበልጥ ይጨፈለቅና ኩሽኔታው ከልክ በላይ ይጫናል፤ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ይጠፋል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ፒኞን ሊነቃነቅ የሚችለው ኩሽኔታው ስለተበላ ነው፤ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ቀለበት፣ አዲስ ፓራኦሊዮና አዲስ ዳዶ ይገባል። ደግነቱ የዚህ መኪና የኋላ ዲፍረንሻል ከፊት በኩል ሙሉውን ይወጣል። ሁለቱ የጎማ ዘንጎች ከነፍሬን ቤታቸው ጥቂት ይሳባሉ፣ ትራንስሚሲዮኑ ይፈታል፣ ዙሪያውን ያሉት ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ዲፍረንሻሉ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ከባድ ነውና ሁለት ሰው ይያዘው። ሲገጠም በኮሮናና በፒኞን መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ሰዓት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በመለኪያ ሰዓት ፈንታ «በእጄ ይሰማኛል» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ዲፍረንሻልህን ይዘህ ሂድ። የሚሞላው 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-90 ጂኤል-5 ነው።

ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ግን ጋራዡ ባለው ምክንያት አይደለም። ዋናው ጥፋት በካምቢዮና በትራንስፈር መካከል ያለው ፓራኦሊዮ ነው፤ ዘይቱ ሲሻገር የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ደርቆ ተበላ። ፍሪሲዮን ብቻ ተቀይሮ ቢመለስ ኖሮ አዲሱ ሸራ ከተበላ ኩሽኔታ ጋር ነበር የሚሠራው። ዘይቱን በሁለቱም ቤት አስተካክለህ ለጊዜው መንዳት ይቻላል ማለት አልችልም፤ ስንጣሪ ከታየ በኋላ ጭነት ይዞ መሄድ ሌሎቹን ማርሾችም ያበላሻል።

ካምቢዮ ሲወርድ ቀድመህ የምትፈልገው የዘይቱን ምንጭ ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም እኩል መንቀጥቀጡ ሸራው ዘይት መንካቱን ይጠቁማል። የሚያርሰው ዘይት ጥቁርና ቀጭን ከሆነ ከሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው። ወፍራም ሆኖ የድኝ ሽታ ካለው ከካምቢዮው ፊት ነው። ካምቢዮ ሳይወርድ እንኳ የሹካውን ጎሚ ገለጥ አድርገህ በባትሪ ብታይ ውስጡን ማየት ትችላለህ። ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም፤ ሲሞቅ የጠጣውን ዘይት መልሶ ያወጣል።

ሸራው ላይ የሪቬት ራሶች ከላዩ ያላቸው ጥልቀት ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል። የስፒንጂዲስኮው ጣቶች ጫፍ ላይ የተፈጠረው ጉድጓድ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ስፒንጂዲስኮውም ይሄዳል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ቶርኖ ቤት ይሂድ፤ ሰማያዊው ቦታ ጠንክሯልና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ማለፍ መንቀጥቀጡን አያጠፋውም።

የቶርኖ ልጅ

ወንድሞች፣ በዚሁ ልጠይቅ። ፎርድ ሬንጀር 3.2፣ 6 ማርሽ። ሞተር ሲጠፋ ከፍሪሲዮኑ ቤት «ቀሽቀሽቀሽ» ይላል፤ ሚኒሞ ላይም ይንቀጫቀጫል። ቮላኖውን ቶርኖ ላይ ማስላጨት ይበቃል?

ናፍጣና መንገድ

አይበቃም። የሬንጀሩ ቮላኖ ባለ ሁለት ቁራጭ ነው፤ በመሃሉ ሞላና ግሪስ አለ። ሞተር ሲጠፋና ሲነሳ የሚንቀጫቀጨው ሞላው ሲላላ ነው። እንደ ተራ ቮላኖ አይላጭም፤ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ግሪስ ያወጣዋል። ሁለቱን ቁራጮች ተቃራኒ አዙረህ የሚነቃነቁትን መጠን ከመመሪያው ጋር አስተያይና ከልክ ካለፈ ሙሉውን ቀይር። የፍሪሲዮኑ የታች ፖምፓም ከሪሊዝ ቤሪንጉ ጋር አንድ ሆኖ በካምቢዮው ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ አብረህ ቀይረው፤ ቆይቶ ቢያፈስ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።

የክሮቼራ ሰው

ለባለ5ኤል ስለ መገጣጠሙ ጥቂት። ካምቢዮው ከወረደ ፓይለት ቤሪንጉን ባይጮህም ቀይረው፤ ርካሽ ነው፣ ለእሱ ብሎ ሌላ ቀን ካምቢዮ ማውረድ አይገባም። ሪሊዝ ቤሪንጉም እንዲሁ፤ የሹካው መቀመጫ ኳስና ሹካው ቤሪንጉን የሚይዝባቸው ቦታዎች ላይ ስስ ግሪስ ቀባ፤ ያ «ሲጥ ሲጥ» የሚጠፋው እዚህ ነው። የመግቢያው ዘንግ ጥርስ ላይ ግሪሱ በጣም ስስ ይሁን፣ የተረፈው ይጠረግ፤ የበዛ ግሪስ በዙር ተወርውሮ አዲሱን ሸራ ያበላሻል። ሸራውና ቮላኖው ላይ የእጅ ግሪስ እንዳይነካ፤ ከመገጠማቸው በፊት በፍሬን ማጽጃ ይጠረጉ።

ሸራው በማዕከል ማስያዣ ይያዝ፤ አሮጌ መግቢያ ዘንግ ካለ ከሁሉ ይሻላል። የስፒንጂዲስኮው ብሎኖች በመስቀል ተራ፣ እያንዳንዱ በትንሽ በትንሹ ይጠበቁ፤ መጨረሻ 19 ኒውተን ሜትር። አንዱን ወገን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ስፒንጂዲስኮውን አጣሞ ነው የሚገጥመው፤ ያኔ አዲስ ዕቃም ይንቀጠቀጣል። ካምቢዮው ሲገባ ክብደቱ በሸራው መሃል ላይ እንዲንጠለጠል አትፍቀድ፤ በክሪክ ደግፈህ ከሞተሩ ጋር አስተካክለው፣ እስከመጨረሻው በእጅ ይግባ። ክፍተት እያለ በብሎን መሳብ የካምቢዮውን ቤት ይሰነጥቃል።

የፍሪሲዮኑ ፖምፓ (የላይም ሆነ የታች) ከተነካ የሚሞላው የፍሬን ዘይት ዶት 3 ብቻ። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት አንድ ጊዜ ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ሁለቱም ፖምፓ ይጠፋሉ። የታች ፖምፓውን ጎሚ ገለጥ አድርገህ እርጥበት ካለ አብሮ ይቀየር። አየር ሲወጣ አንድ ሰው ፔዳሉን ይዞ ይቆይ፣ ሌላው ከታች ይክፈትና ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዝጋ፤ ማጠራቀሚያው ከግማሽ በታች እንዲወርድ አትፍቀዱ።

ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ከተሞሉ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ጭነት አይብዛበት፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ መቆም ይቅር፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። በዚያው 500 ላይ ሁለቱንም መሙያዎች ክፈትና ልኩን እይ፤ የትራንስፈሩ ከፍ፣ የካምቢዮው ዝቅ ብሎ ካገኘኸው አዲሱ ፓራኦሊዮ በትክክል አልተቀመጠም።